የሐረር መልክ በማን እጅ ተሠራ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ እህቶችና ወንድሞች! ጁገል ከግቢያችን ሩቅ አይደለም። ብዙዎቻችን ለጁምዓ ሰላት፣ ለገበያ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ በየጊዜው እንሄዳለን። በሮቹን እናውቃቸዋለን፤ በጠባቦቹ መንገዶችም ሳንጠፋ እንመላለሳለን። በጁገል ውስጥ ያሉትን ሙዚየሞች ገብቶ ጊዜ ወስዶ ያየ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። ምክንያቱን ስንጠያየቅ ሁለት መልስ እንሰማለን። አንደኛው «ሙዚየም የቱሪስት ቦታ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሥዕልና ፎቶ የተሰቀለበት ቤት ገብቶ ማየት ለሙስሊም ተማሪ ምን ይጠቅመዋል? ይፈቀድለታልስ ወይ?» የሚል ነው። ሁለቱም መልስ የሚገባቸው ናቸው። በዚህ ትምህርት በቅድሚያ ሁለተኛውን እናያለን፤ ቀጥለን ሙዚየም ገብተን ምን እንደምናይና እንዴት እንደምናይ እንማማራለን፤ የመጀመሪያው በዚያው መልስ ያገኛል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ማየት ይፈቀዳል ወይ?

ሩሕ ያለውን ፍጡር ምስል ስለሚሠሩ ሰዎች የመጡት ሐዲሶች ጠንካራ ናቸው፤ በመድረሳም ተምረናቸዋል። አቅልሎ ማለፍ አይገባም። ከዚያ ጋር ግን ዑለማእ ጉዳዩን በደረጃ ለይተው እንዳዩት ማወቅ ያስፈልጋል። የሚመለክ ጣዖት አንድ ነገር ነው፤ ጥላ ያለው ሐውልት ሌላ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለ ጠፍጣፋ ሥዕል ሌላ ነው፤ ዛፍ፣ ተራራና ሐረግ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። ምስል በመሥራት የሚተዳደር አንድ ሰው ወደ ኢብኑ ዓባስ (ረ.ዐ) መጥቶ በጠየቃቸው ጊዜ፣ የግድ የሚሠራ ከሆነ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ እንደመሩት በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ፎቶግራፍ ሲመጣም ዑለማእ ተለያይተዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶ ጥላን በመሣሪያ ይዞ ማስቀረት ነው ብለው ፈቅደዋል፤ ይህን ያልተቀበሉ ዑለማእም አሉ።

ፈትዋ መስጠት የእኛ ቦታ አይደለም። ጥያቄ ያለው ሰው ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ። እኛ የምንለው ይህን ያህል ነው፦ ሙዚየም የሚሄድ ተማሪ ምስል ሊሠራ ወይም ምስል ሊያልቅ አይሄድም፤ ሊማር ይሄዳል። የተማሪ መታወቂያችን ላይ ፎቶ አለ፤ ስልካችንም በምስል የተሞላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳናስብ የምናየውን ነገር አንድ ከሰዓት እያሰብን ብናየው ይጠቅመናል። ደግሞም ከዚህ በታች እንደምናየው በሐረር ሙዚየም ካለው ጥበብ ትልቁ ክፍል ነፍስ ያለው ነገር ምስል የለበትም።

2. ሁለት ቤቶች

በጁገል ውስጥ የማይራራቁ ሁለት ቤቶችን እንውሰድ። አንደኛው ሰው «የራምቦ ቤት» የሚለው ነው። አርተር ራምቦ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነበር። ግጥም መጻፍ ከተወ በኋላ በ1880 መጨረሻ ወደ ሐረር መጥቶ በቡና፣ በቆዳና በሌላም ዕቃ ንግድ ይሠራ ነበር። የሞተው በ1891 ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤት ግን እሱ ከሞተ በኋላ በአንድ ህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ባለቀለም መስታወት ያላቸው መስኮቶቹና ሥዕል ያለበት ጣሪያው ይህንኑ የነጋዴ ቤት ታሪክ ይናገራሉ። በውስጡ የጥንቷ ሐረር ፎቶዎች ተሰቅለዋል። እንግዲህ ገና ፎቶዎቹን ሳናይ አንድ ነገር ተማርን፦ የቤት ስምና የቤት ታሪክ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሁለተኛው የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ነው። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከ1990ዎቹ ጀምረው ኪታቦችን፣ ሳንቲሞችን፣ ጌጣጌጥን፣ አልባሳትን፣ ስፌቶችንና የድምፅ ቅጂዎችን በራሳቸው ቤት ያሰባሰቡ የሐረር ሰው ናቸው። ክምችቱ እየበዛ ሲሄድ የክልሉ መንግሥት ይህን ቤት ሰጣቸው። ቤቱን ያሠራው እንዲሁ ህንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ ከበሩ በላይ ሂንዱዎች ጋኔሽ የሚሉት ባለ ዝሆን ራስ ምስል በእንጨት ተቀርጿል። ከዚያ በር ወደ ውስጥ ሲገባ ሙስሐፎች አሉ።

«ይህ ምስል ሙስሐፍ ባለበት ቤት በር ላይ ምን ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ጥሩ ጠይቋል። መልሱ በንግድ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ሐረር በዘይላና በበርበራ ወደቦች በኩል ከየመንና ከህንድ ጋር የተሳሰረች ከተማ ነበረች። ነጋዴው ሲመጣ የአገሩን የእንጨት ሥራና የአገሩን እምነት ምልክት ይዞ መጣ። ቅርጹን በቁጣ ወይም በቸልታ ያለፈ ሰው ይህን አያውቅም፤ ቆሞ የጠየቀ ሰው ግን እምነቱ ሳይነካ ስለ ከተማዋ አንድ ነገር አውቆ ይገባል።

3. ሦስት ጥያቄዎች

አንድ ሥዕል ወይም ፎቶ ፊት ስንቆም «ያምራል» ወይም «አያምርም» ብለን ከማለፍ ይልቅ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ማን ሠራው? ለማን ተሠራ? ምን ቀረ? ሐዲስ ስንማር ዘጋቢው ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ወሬ አንቀበልም። ምስልም ወሬ ነው፤ ዘጋቢ አለው።

ለምሳሌ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ቆየ። መጽሐፉ በ1856 ለንደን ሲታተም ከተማዋን ከሩቅ የሚያሳይ፣ የሐረርን አለባበስ የሚያሳይ፣ እንዲሁም አሚር አሕመድ ኢብን አቢ በክርን የሚያሳይ ባለቀለም የኅትመት ሥዕሎች ነበሩበት። ማን ሠራው? ሥዕሉን ለኅትመት ያሰናዱት የለንደን ባለሙያዎች ሐረርን በዓይናቸው አላዩም። ለማን ተሠራ? ስለ ሩቅ አገር ማንበብ ለሚወድ የእንግሊዝ አንባቢ። ምን ቀረ? በከተማዋ ውስጥ ያለው ሕይወት። እነዚህን ሥዕሎች ዛሬም በመጻሕፍት ውስጥ እንደ ሐረር መልክ እናያቸዋለን። ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም፤ ለምን እንደሚመሰክሩና ለምን እንደማይመሰክሩ እንለይ ማለታችን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የራምቦ ፎቶዎች ናቸው። ራምቦ ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ በ1883 ሐረር ውስጥ ፎቶ አነሳ። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር መጀመሪያ ለቤተሰቡ የራሱን ሦስት ፎቶዎች ላከ፦ በቤት ሰገነት ላይ፣ በቡና ተክል መካከልና በሙዝ ተክል መካከል የቆመባቸውን። ከእሱ ካሜራ ከተረፉት መካከል የሸኽ አባድር ቁባ፣ አንድ የቡና ነጋዴና የቆዳ ከረጢት የሚሠራ አንድ ሰው ይገኙበታል።

እዚህ ላይ ለምህንድስናና ለኬሚስትሪ ተማሪዎች የምትሆን ነገር አለች። ራምቦ በደብዳቤው ፎቶዎቹ ነጣ ያሉት ለማጠቢያ በተጠቀመበት መጥፎ ውሃ ምክንያት እንደሆነ ጽፏል። በዚያ ዘመን ምስሉን የሚይዘው የብር ውህድ ነው። ምስሉ ከወጣ በኋላ ብርሃን ያልነካውን ብር የሚያስወግድ ኬሚካል ይጨመራል፤ ከዚያ ያ ኬሚካል ራሱ በብዙ ንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት። በደንብ ካልታጠበ ውሎ አድሮ ምስሉን ይበላዋል። እንግዲህ በዚያ ፎቶ ላይ የምናየው ንጣት የሐረር ፀሐይ አይደለም፤ የአጣጠቡ ጉድለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ ከተማዋ ብርሃን ድርሰት ሊጽፍ ይችላል።

አሁን ሦስተኛውን ጥያቄ እንመልስ። ምን ቀረ? ፎቶ አንሺው ስም አለው፤ ዓለም ያውቀዋል። ከረጢት የሚሠራው ሰው ግን በሥራው እንጂ በስሙ አይታወቅም። የማን ልጅ ነው? የት ሰፈር ነበር? ስንት ልጆች ወለደ? ምናልባት የልጅ ልጆቹ ዛሬ ጁገል ውስጥ ይኖራሉ፤ በዚያ ፎቶ ፊት ቢያልፉም አያውቁትም። ኪታብ የሚያስቀራ ከቢር፣ ሉሕ የያዘ ልጅ፣ ስፌት የምትሰፋ እናት በእነዚህ ምስሎች ውስጥ ብንፈልጋቸው አናገኛቸውም። የከተማዋን መልክ ሌላ ሰው ሲሠራው ለእሱ የታየው ይገባል፤ ለእሱ ያልታየው ይቀራል።

4. በገጽ ላይ ያለው ጥበብ

ታዲያ የሐረር ሰዎች ራሳቸው የሠሩት ሥዕል የት አለ? በአብዛኛው በኪታብ ውስጥ አለ። በርተን ራሱ በጽሑፉ የሐረርን መጽሐፍ ጥረዛ አድንቆ፣ በጥንካሬና በውበት ከምሥራቅ አገሮች ከፋርስ በስተቀር የሚበልጠው እንደሌለ መስክሯል።

በሸሪፍ ሙዚየም አንድ የእጅ ጽሑፍ ሙስሐፍ ፊት ስንቆም በቅድሚያ ማየት ያለብን ወረቀቱን ነው። ሐረር ውስጥ ከተጻፉት ኪታቦች ብዙዎቹ ከውጭ በመጣ ወረቀት ላይ የተጻፉ ናቸው። አንዳንዱ ወረቀት በብርሃን ፊት ሲያዝ ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደረደሩ ሦስት ጨረቃዎች በውስጡ ይታያሉ። ይህ ምልክት የሚፈጠረው ወረቀቱ ገና እርጥብ ሳለ ነው፦ በማንጠፊያው ወንፊት ላይ የተሰፋ ሽቦ ባለበት ቦታ ወረቀቱ ይሳሳል፤ የሳሳውም ብርሃን ያሳልፋል። ሦስት ጨረቃ ያለበትን ወረቀት የጣሊያን ፋብሪካዎች ለሙስሊም አገሮች ገበያ ያመርቱት ነበር። የሐረር ከቢር በጣሊያን ወረቀት ላይ ቁርአን ጻፈ ማለት ነው። ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው ገጹን ራሱ አያንሳ፤ ጠባቂዎቹን በአክብሮት ይጠይቅ።

ቀጥሎ ጽሕፈቱን እንይ። ጥቁሩ ቀለም የት ላይ ነው? ቀዩስ? ቀዩ ቀለም ለማስዋብ ብቻ አልገባም፤ አንባቢው የሱራ መጀመሪያን፣ መቆሚያንና ክፍልን እንዲለይ ያግዛል። በገጹ ዙሪያ ያለው ኅዳግ ሰፊ ከሆነ ተማሪና መምህር ማብራሪያ የሚጽፉበት ቦታ ነው፤ በብዙ ኪታቦች ላይ የእነሱን የእጅ ጽሑፍ እናገኛለን። መስመሮቹ እኩል የሆኑት ጸሐፊው አስቀድሞ ስላሰመረ ነው። የምህንድስና ንድፍ የሠራ ሰው ይህን ጥንቃቄ ያውቀዋል።

ከሐረር ሙስሐፎች በዓለም ዘንድ በጣም ከታወቁት አንዱ በ1749 የተጻፈው ነው። አሁን የሚገኘው ለንደን ላይ ማዕከሉን ባደረገው የኻሊሊ ስብስብ ውስጥ ነው። የሥነ ጥበብ ተመራማሪዎች የገጾቹን አሠራር መርምረው በህንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ካሉ አገሮች፣ በተለይም ከህንድ ሙስሐፎች ጋር ዝምድና እንዳለው አሳይተዋል። አስቡት፦ ዓለም የዚያን ዘመን ሐረር በግንብ የተዘጋች ከተማ ናት ሲል፣ ገጿ ግን ባሕር ማዶ ካሉ ሙስሊሞች ጋር ስትማማር እንደነበር ይመሰክራል። ያንን ገጽ ለማየት የጁገል ልጅ ዛሬ ፎቶውን መፈለግ ግድ ሆኖበታል።

5. ሽፋኑ፦ ቀለም የሌለው ኅትመት

ኅትመት ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ማሽን ነው። የቃሉ መሠረት ግን ማኅተም ነው፤ ቅርጽን በሌላ ነገር ላይ ተጭኖ ማስቀረት። የሐረር ጠራዦች ይህን በቆዳ ላይ ይሠሩት ነበር። ቆዳው በሽፋኑ ላይ ይለጠፋል፤ ሐረግ ወይም ኮከብ የተቀረጸበት ማኅተም ይጫንበታል፤ ማኅተሙ ሲነሳ ጎድጓዳ ቅርጹ ይቀራል። አንድ ትልቅ ቅርጽ በመሐል፣ ትናንሾች በአራቱ ማዕዘን፣ ዙሪያውን ደግሞ መስመር ይሆናል። ከጎን የምትታጠፈው የሽፋኑ ምላስ የገጾቹን ጠርዝ ከአቧራ ትጠብቃለች። ቀለም የሌለው ስለሆነ ፊት ለፊት ስናየው ቡናማ ቆዳ ብቻ ሊመስለን ይችላል። ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብለን ብርሃኑ በአግድም ሲመታው ግን ቅርጹ ሁሉ ይወጣል። አንድ ማኅተም ደጋግሞ በመጫን ሙሉ ሽፋን መሙላት የሚቻለው ርቀቱ በትክክል ሲለካ ነው፤ አንዱ ከተዛባ ሁሉም ይዛባል።

ይህ ሙያ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ሙያውን ይዘው የቆዩት የመጨረሻው ታላቅ ጠራዥ ከቢር ዓሊ ሸኽ በ1993 ሲሞቱ እጁን የተካ ሰው አልነበረም። አብዱላሂ ሸሪፍ ከቀደሙት ማኅተሞች የተገኙትን ሰብስበው፣ ጥረዛና የኪታብ ጥገና እንደገና እንዲሠራ ወጣቶችን አሠለጠኑ። ከዚህ የምንማረው፦ ዕውቀት በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ብቻ ሲቀር ከሰውየው ጋር ይቀበራል። ቁርአንን በሒፍዝም በጽሑፍም የጠበቀ ኡማ ይህን ለማንም ከማስተማር በፊት ለራሱ ሊያስታውስ ይገባዋል።

6. ግድግዳው ላይ ያለው የሴቶች ሥራ

የሐረሪ ቤት (ጌ ጋር) የገባ ሰው ከነደባው በላይ ግድግዳው በስፌት እንደተሞላ ያያል። በሙዚየሙም ስፌቶች አሉ። ብዙዎቻችን እንደ ቤት ዕቃ እናልፋቸዋለን። ነገር ግን አንድን ስፌት ከመሐል ጀምረን እየዞርን ብናየው፣ ቅርጹ የተገኘው በቁጥር እንደሆነ እንረዳለን። ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ የሚገባው ስፌት ብዛት ይጨምራል፤ ቅርጹ እንዳይዛባ ሰፊዋ ቀለም የምትቀይርበትን ቦታ በልቧ ቆጥራ ታውቃለች። ወረቀት የለ፣ ማስመሪያ የለ። ይህንን ሴቶች ለሴቶች ያስተማሩት የጂኦሜትሪ ትምህርት ብንለው አልተጋነነም። ሦስቱን ጥያቄዎች እዚህም እንጠይቅ፤ «ማን ሠራው?» ለሚለው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አሁንም በሕይወት ያለች እናት ወይም አያት ልትሆን ትችላለች። ከረጢት ሠሪው ያመለጠን ስም፣ የእሷ እንዳያመልጠን ጊዜ አለን።

7. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የሐረር ጁገል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በግንቡ ውስጥ ያሉት 82 መስጊዶችና ከመቶ በላይ የሆኑ የአውልያ ቦታዎች በመዝገቡ ተጠቅሰዋል። መመዝገብ ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለውን ኪታብና ፎቶ አይጠብቅም። እሱን የሚጠብቀው የቤቱ ሰው ነው። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ቤታችን የቆየ ኪታብ ካለ ቅጠሉን ነጥለን ለማንም አንሽጥ። ከመጽሐፉ የተነጠለ ገጽ የጸሐፊው ስም፣ የተጻፈበት ዘመንና ወቅፍ የተደረገበት መስጊድ ይጠፋበታል።

ሁለተኛ፣ የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አንለጥፍ፤ በላስቲክ አናሽግ። ሙጫው ከጥቂት ዓመት በኋላ ይቢጫል፤ ወረቀቱንም ያበላሻል። ደረቅና ንጹሕ ቦታ አስቀምጠን የሚያውቅ ሰው እናማክር።

ሦስተኛ፣ የቤተሰብ ፎቶ ስናገኝ አዛውንቶቻችን በሕይወት ሳሉ «ይህ ማነው? የት ነው? መቼ ነው?» ብለን ጠይቀን፣ ከጀርባው በእርሳስ ቀስ ብለን እንጻፍ። እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል።

አራተኛ፣ የጠየቅነውን ሁሉ በስልክ አንበትን። የእናቶቻችንንና የእህቶቻችንን ፎቶ ያለፈቃዳቸው ማውጣት አማና ማጉደል ነው። መመዝገብ ሌላ፣ ማሠራጨት ሌላ ነው።

ለሐለቃ ውይይት

በሚቀጥለው የእረፍት ቀን በአራት በአራት ሆነን ሁለቱን ቤቶች እንጎብኝ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ፎቶ፣ አንድ የኪታብ ገጽና አንድ ስፌት ይምረጥ፤ በእያንዳንዱ ፊት ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቁም፤ ሦስቱን ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመልስ። ቀጥሎም በሐለቃችን እነዚህን እንወያይ፦

ሀ. የመረጥነው ፎቶ ውስጥ ስሙ የተጻፈው ማነው? ስሙ ያልተጻፈውስ?

ለ. በመረጥነው ገጽ ላይ ከሐረር ውጭ የመጣው ምንድን ነው? እዚሁ የተሠራውስ?

ሐ. ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ስለ እኛ ትውልድ በስልካችን ካለው ምስል ምን ሊማር ይችላል? ምንስ ይቀርበታል?

ለመጀመሪያው መልስ፣ ማለትም «ሙዚየም የቱሪስት ቦታ ነው» ለሚለው፣ ከዚህ ጉዞ የተመለሰ ሰው የራሱን መልስ ይዞ ይመጣል ኢንሻአላህ። ቱሪስቱ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ የከረጢት ሠሪውን ሰፈር ጠይቆ ሊያገኝ የሚችለው ግን እዚህ የሚኖር፣ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ አዛውንቶቹን «አባ» እና «እማ» ብሎ ገብቶ የሚጠይቅ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ በአደራ የተቀበልነውን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።